ጠያቂ የሌለው ሐቅ

አሜሪካ ውስጥ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው የድሮ ትምህርት ቤቶችን ግቢ የሚያስሱ ሰዎች አሉ። በፈረንጆቹ እስከ 1964 የተሠሩት ባለ 10 ሳንቲሞች 90 በመቶ የብር ማዕድን ስለሆኑ፣ ተማሪ በጨዋታ ላይ የጣላት ሳንቲም ዛሬ ከተጻፈባት ዋጋ እጅግ የበለጠ ታወጣለች።

"ባለቤቷ ከየት ይመጣል?" አትበሉ። ከእስልምና በፊት የተቀበረ ሀብት ሪካዝ ነው፤ አንድ አምስተኛው ይወጣለታል። ከኪስ የወደቀ ግን ሉቀጣ ነው፤ መጀመሪያ ባለቤቱ ይፈለጋል። ጠያቂ ማጣት ባለቤት መሆን አይደለም። ደግሞስ የጣለው ባይገኝ፣ ግቢው ባለቤት የለውም? አስፈቅዱ፤ የሚገኘው የማን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከፈቀዱላችሁ ጉድጓዱን ደፍናችሁ ሂዱ፤ ነገ ሕፃን ይሮጥበታል።

ሰው ባያይ አላህ ያያል። ጁሙዓ ሙባረክ!