የጦር አውሮፕላንን አምሳል በልክ ስለ መሥራት

ካህን በየዕለቱ ብዙ ይጠየቃል፤ ከሚጠየቀውም የሚበዛው አባቶች አስቀድመው የመለሱት ነው። ነገር ግን በነአኩቶ ለአብ ደብር አጠገብ የሚኖር፥ ከእኔ ዘንድ ዳዊት የደገመና ቅኔ የጀመረ አንድ ወጣት ዲያቆን ባለፈው ዓመት ያቀረበልኝን ጥያቄ በተማርሁት ሁሉ ብፈልገው እንዲህ ነው ተብሎ ተጽፎ አላገኘሁትም። «የኔታ፥ የጦር ጄትን አምሳል በልክ መሥራት ኃጢአት ነውን?» አለኝ። ጥያቄውን በንስሐ አላቀረበውም፤ በደጀ ሰላም፥ ሌሎችም እየሰሙ ነው የጠየቀኝ። ይህንንም እንድጽፍ ፈቃዱን ሰጥቶኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጥ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ፥ የጃፓኖቹ ታሚያና ሐሴጋዋ፥ እነዚህንም የመሰሉ ኩባንያዎች የአውሮፕላንን አካል በፕላስቲክ እየከፋፈሉ በሣጥን ይሸጣሉ። ገዢው ክፍሎቹን በወረንጦ እየያዘ በሙጫ ያጋጥማቸዋል፤ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ቀለም ይቀባል፤ የአገሩን ምልክትና ቍጥሩንም ይለጥፋል። ልኩ በዘፈቀደ አይደለም። 1 ለ72 የተባለው ልክ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን እንዲወክል የተወሰነ ነው። ኤፍ 5 ኢ የተባለው ጄት ርዝመቱ 14.45 ሜትር ስለሆነ በዚህ ልክ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የእኛ ቤተ ጊዮርጊስ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው 12 ሜትር ያህል ነውና በዚሁ ልክ ቢሠራ ቁመቱ ከጄቱ ርዝመት ያንሳል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህን የመጨረሻውን ቍጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

ሣጥኖቹን ለልጁ የሚልክለት በውጭ አገር የሚኖር አጎቱ ነው፤ እርሱም በወጣትነቱ በደብረ ዘይት በአየር ኃይል መካኒክ ነበረ። እኔ ይህን ሁሉ ሳልጠይቅ በቍጣ መለስሁለት። «የመግደያ መሣሪያ በዲያቆን ቤት ምን ይሠራል? አውጥተህ ጣለው» አልሁት። ልጁ አልተከራከረም፤ ዝቅ ብሎ ግን «የኔታ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስስ ጦር ይዞ ተሥሎ የለምን?» አለኝ። እኔም «ሥዕልና መጫወቻ አንድ አይደሉም» ብዬ አለፍሁት። ይህ ማምለጫ እንጂ መልስ አልነበረም፤ ሌሊቱንም ሕሊናዬ አላሳረፈኝም።

በልክ መሥራት በራሱ ነውር እንዳልሆነ ግልጥ ነው። ሙሴ ድንኳኑን በተራራው እንዳየው ምሳሌ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ባስልኤልም ለዚህ ሥራ የጥበብ መንፈስ ተሰጠው። በላሊበላ ከተማ ወጣቶች ቤተ ጊዮርጊስን በትንሹ እየቀረጹ ለእንግዳ ይሸጣሉ፤ መስኮቱን ያሳሳተውንም ሰው እንስቅበታለን፤ በትክክል የቀረጸውን እናመሰግናለን። ስለ ጣዖትም የተሰጠው ትእዛዝ ይህን ልጅ አይነካውም፤ ለፕላስቲክ የሚሰግድ የለምና። እንግዲህ ልኩም ምስሉም ካልከለከለ ጥያቄው የቀረው በሌላ ነው፤ ይኸውም የሠሪው ልብ ምስሉን ሲሠራ ወዴት ያዘነብላል የሚለው ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት የንጉሥ አካዝ ታሪክ አለ። አካዝ የአሦርን ንጉሥ ሊቀበል ወደ ደማስቆ ሄደ፤ በዚያም መሠዊያ አየ፤ ወደደውም። መልኩንና አሠራሩን በዝርዝር አስነሥቶ ወደ ካህኑ ወደ ኦርያ ላከ፤ ኦርያም ንጉሡ እስኪመለስ ድረስ አንዲት ሳያጐድል ሠርቶ ጠበቀው። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ ይልቅ ከዛሬዎቹ ሞዴል ሠሪዎች ጋር የሚመሳሰል አላውቅም። ጥፋቱ በልኩ ላይ አልነበረም፤ ልኩ ትክክል ነበረ። አካዝ ያሸነፈውን ኃይል አደነቀ፤ የአሸናፊውንም ወገን መልክ ወደ ቤቱ አስገባ፤ ያ ኃይል በማን ላይ እንዳለፈ ግን አልጠየቀም። (ኦርያ ካህን ሆኖ ሳለ አንድ ቃል አለመናገሩን ሳነብ እኛን ካህናትን የሚያሳፍር ነገር አገኝበታለሁ፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ነገር ነው።)

ስለ ጄቱ እውነቱን መናገር ካስፈለገ ከሁለቱ ወገን መናገር ይገባል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ 5 ጄቶች የጠላትን ሚግ 21 በአየር ላይ ገጥመው ድል ነሡ፤ አገርም ከዚያ ጥፋት የዳነችው በከፊል በእነዚያ አብራሪዎችና ሌሊቱን ሙሉ ጄት ሲጠግኑ ባደሩ መካኒኮች ነው። ይህን አቅልሎ የሚናገር ሰው ባለውለታን የካደ ነው። በዓመቱ ሚግ 21 የእኛው መሣሪያ ሆነ፤ ሚግ 23ም ተጨመረ። በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ በሐውዜን ገበያ፥ ሕዝብ እህልና ጨው ሊገበያይ በተሰበሰበበት ቀን፥ የራሱ መንግሥት ጄቶች ቦምብ ጣሉበት፤ እጅግ ብዙ ሰውም አለቀ። በግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ የመጡ አውሮፕላኖች በመቐለ የአይደርን ትምህርት ቤት መትተው ሕፃናትን ገደሉ። እኛም ወሎዬዎች ጄት ሳይኖር በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በኢጣልያ አውሮፕላኖች እንደተደበደበች ከአባቶቻችን ሰምተናል። አውሮፕላኑ አገርን ያድናል፤ ገበያንም ያቃጥላል፤ በሣጥኑ ላይ የተሣለው ግን ከደመና በላይ ብቻውን ሲበር ነው።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝ የገዛ ንባቤ አይደለም። በነአኩቶ ለአብ በዓል ሰሞን ከሩቅ አገር የመጡ አንዲት እማሆይ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል ሊጠጡ መጥተው በልጁ እናት ቤት አደሩ። ልጁ ያን ጊዜ ሚግ 23 ጨርሶ በመደርደሪያው ላይ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በታች አኑሮት ነበር፤ ቃሌን አልፈጸመም ነበርና። የዚህ ጄት ክንፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነው፤ ሠሪው በ16፥ በ45 ወይም በ72 ዲግሪ ሊያቆመው ይችላል። ልጁ ይህን ለማስተካከል ብዙ ሌሊት እንደደከመ ነግሮኛል። እማሆይ ቆመው ጥቂት ተመለከቱትና ነጠላቸውን ከቆባቸው በላይ ሳቡት። «ይኸውማ እርሱ ነው» አሉ። ልጁ ሥራው የተመሰገነ መስሎት ደስ አለው። እማሆይም «እኛስ የታለን?» አሉት። ከየት እንደመጡና ምን እንዳዩ ግን ቢጠየቁም አልተናገሩም፤ በማግሥቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ልጁ ይህን መጥቶ ሲነግረኝ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ የጠየቀኝ ጥያቄ ተመለሰልኝ። ሠዓሊዎቻችን ጦሩን ብቻውን ሥለው አያውቁም። ጦሩ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዘንዶው አለ፤ ዘንዶው ካለም ብዙ ጊዜ በዛፉ ላይ የተቀመጠችው ብሩታዊት አለች። ጦሩ ማንን እንደወጋና ማንን እንዳዳነ ሥዕሉ አይሰውርም፤ ተመልካቹም ስለዚያ ጦር ሊፈርድ ይችላል። ይህን ዓይነቱን ምስል ምስክር እለዋለሁ። ጦሩን ከሥዕሉ ቈርጦ አውጥቶ፥ ብረቱን አሳምሮ ለብቻው የሰቀለ ሰው ግን በልኩ አልዋሸም፤ በቀረው ሁሉ ግን ዋሽቷል።

በመጽሐፈ ሳሙኤልም ፍልስጥኤማውያን በታቦቱ ምክንያት ደዌና አይጥ ባጠፋቸው ጊዜ አምስት እባጭና አምስት አይጥ በወርቅ ሠርተው ለእስራኤል አምላክ ሰደዱ። ያጠፋቸውን ነገር በአምሳሉ ቀረጹት፤ የቀረጹትም ሊመኩበት ሳይሆን የደረሰባቸውን ሊናዘዙበት ነበር። አሕዛብ ሲሆኑ ከአካዝ ይልቅ የምስልን ጥቅም ዐወቁ።

የዓለምም ታሪክ ይህን ሥራ በሙሉ እንዳንኰንን ያደርገናል። በ1934 ዓ.ም.፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በየትምህርት ቤቱ ያሉ ወጣቶች 500,000 የአውሮፕላን አምሳል እንዲሠሩለት ጠየቀ፤ ልኩም ይኸው 1 ለ72 ነበር። ምክንያቱም ወታደሮች ከሩቅ አይተው የወገንን ከጠላት እንዲለዩና ወገናቸውን እንዳይመቱ ነው። በዚያ ሥራ የክንፍ ጫፍ መሳሳት የሰው ነፍስ ያስከፍል ነበር፤ ትክክለኛነትም ምጽዋት ሆነ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ስለዚህ «አውጥተህ ጣለው» ያልሁትን ቃሌን በልጁ ፊት መልሻለሁ። ካህን በደጀ ሰላም የተናገረውን በዚያው በደጀ ሰላም መመለስ እንዳለበት ስለማምን በዚያው አደረግሁት። ይሁን እንጂ አምሳሉን ከሥዕሉ ሥር እንዲያነሣው አዝዣለሁ፤ በዚህ አልለዋወጥም። የእሑድ ሌሊቱን ለማኅሌት እንጂ ለሙጫ እንዳያደርግም ነግሬዋለሁ። አጎቱ ስለ ደብረ ዘይትና ስለ ኦጋዴን የሚያስታውሰውን እንዲጠይቀውና እንዲጽፈው መክሬዋለሁ፤ ያን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነውና።

ስለ እማሆይ ጥያቄ ግን የራሱን አሳብ ይዞ መጣ። ከጭቃ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ ሜትር የሆኑ ሰዎችን ጀምሯል፤ አንዲት እንስራ የተሸከመች ሴት፥ አንድ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ፥ ሁለትም ልጆች አሳይቶኛል። የሴትዮይቱ ነጠላ በደንብ ወጥቶለታል፤ አህያው ግን ጆሮው በዝቷል። በአውሮፕላኑ ሥር ሊያኖራቸው ነው። «የኔታ፥ ስንት ልሥራ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እስካሁን አልመለስሁለትም።