ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ



አንዲት እህት ባሏ እንደሚደበድባት ስትናገር ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ሶብር አድርጊ» የሚል ነው። ከደሃና ገጠር ተነስታ ፍርድ ቤት ብትደርስ እንኳ ቀጠሮ ይሰጣታል፤ ሽማግሌም ይላካል። እስከ ቀጠሮው ቀን ግን የት ታድራለች? ወደዚያው ቤት ከተመለሰች መክሰሷን የሰማው ሰው እየጠበቃት ነው።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ያስቀጣል። ቅጣት ግን የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። በብዙ አገሮች ዳኛ ጉዳዩ ተሰምቶ እስኪያልቅ «ወደ እርሷ አትቅረብ» ብሎ ለጥቂት ቀናት ያግዳል። ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 ክርክር ያለበት ንብረት እንዳይሸጥ ወይም እንዳይበላሽ ጊዜያዊ እግድ ይፈቅዳል። ለንብረት «ፍርድ እስኪሰጥ አትንካ» ከተባለ፣ ለሰው ነፍስማ እንዴት አይባል?

«ሳይፈረድበት ሰውን ከቤቱ ማራቅ ዙልም አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን እዚሁ ሐበሻ ምድር እናገኘዋለን። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ልከው ስደተኞቹ ሙስሊሞች ተላልፈው እንዲሰጧቸው ሲጠይቁ፣ ንጉሥ ነጃሺ ወዲያው ለማንም አልፈረዱም። የስደተኞቹን ቃል ሳይሰሙ አሳልፈው እንደማይሰጡ ብቻ ተናገሩ። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ቆመው ተናገሩ፤ ውሳኔው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እግድም እንዲሁ ነው። ጥፋተኛው እገሌ ነው አይልም፤ እውነቱ እስኪሰማ ደካማው እንዳይጎዳ ይጠብቃል። ለዚህም ነው አጭር መሆን ያለበት፣ የታገደውም ሰው ቶሎ ቀርቦ መሰማት ያለበት። እርሱ ንጹሕ ቢሆን የሚያጣው ጥቂት ሌሊት ነው፤ እርሷ እውነት ተናግራ ከሆነ ግን የምታጣው ሕይወቷን ሊሆን ይችላል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይንም ተበዳይንም እንድንረዳ አስተምረውናል። በዳይ የሚረዳው እጁን ይዞ ከበደሉ በመከልከል ነው። ስለዚህ እግዱ ለባልየውም እርዳታ ነው፤ ነገ ከሚጸጸትበት ሥራ ዛሬ ያስቀረዋል።

ሱልህ መልካም ነው፤ ግን አንዱ እየፈራ የሚደረግ ሱልህ እርቅ ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው። ሶብርም በዱላ ሥር መቀመጥ ማለት አይደለም። እህትህ፣ ጎረቤትህ ወይም የክፍል ጓደኛሽ ችግሯን ስትነግራችሁ፣ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋት፦ «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?»

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።