ቬኒስን ሊያይ ከሆሳዕና ለሚነሣ ወጣት

ቬኒስ በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ከአድሪያቲክ ባሕር በከለሉት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከመቶ በላይ የሆኑ ትናንሽ ደሴቶቿን ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች ያያይዟቸዋል። ቤቶቿ ጭቃ ውስጥ በተተከለ የእንጨት ምሰሶ ላይ ቆመዋል፤ ዋናው መንገዷም የውሃ ቦይ ነው። አምቡላንሱም፣ የእሳት አደጋ ተከላካዩም፣ ቆሻሻ ሰብሳቢውም በጀልባ ይሄዳል። ዩኔስኮ ከተማዋን ከነውሃዋ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ ወይም ከአንጋጫ ተነሥቶ ይህችን ከተማ ሊያይ የሚያስብ ወጣት ከሌላው ጎብኚ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ወረቀቱ ይበዛበታል። ሁለተኛ፣ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ታሪክ በከፊል የራሱ አገር ታሪክ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ ሲያስቡ ሁለተኛውን ሳያዩት ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ዕቅዱ ከሁለተኛው ቢጀምር ይሻላል።

በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኛ ሆኖ አንቶኒዮ ባርቶሊ የተባለ የፍሎረንስ ሰው ነብሮችን ለገጸ በረከት ይዞ ቬኒስ ገባ። ሲመለስ ለንጉሡ የእጅ ባለሙያዎችና በወርቅ የተለበጠ የብር ጽዋ ተላከለት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1450 ገደማ፣ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ ከከተማዋ ደሴቶች በአንዷ ላይ ሆኖ የዓለምን ካርታ ሠራ። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከየት እንዳገኘው ራሱ በካርታው ላይ ገልጿል፤ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች አውራጃውን፣ ወንዙንና ተራራውን በእጃቸው ሥለው አሳይተውታል። ዓባይና አዋሽ በስማቸው ተጽፈው ይገኛሉ። ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ያህል የሆነው ክብ ካርታ ደቡብን ከላይ ስለሚያደርግ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ በላይ ትታያለች። ዛሬ ያለው በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አጠገብ በሚገኘው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ነው። ቬኒስ ደርሶ ይህን ሳያይ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ጉዞው ጎዶሎ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደም አለ። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ አርባ ዓመት ያህል ኖረ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም በሥዕል አስጌጠ። አልቫሬዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ተጓዥ በ1520ዎቹ አግኝቶታል። ሕፃኑ ኢየሱስን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ በመሣሉ ትልቅ ክርክር ተነሥቶበት እንደነበርም ጽፏል። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ከፍ ብለው ከሚታዩት አንዷ ንግሥት እሌኒ ነበሩ፤ የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት፣ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩት። የሀዲያ ልጅ በትምህርት ቤት እሌኒን ሲማር ይህ የቬኒስ ሠዓሊ አብሮ አይነሣለትም፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቤተ መንግሥት ዘመን የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ መምረጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ሕዝቡም ይበዛል። በየካቲት የካርኒቫል በዓል ሰሞን የማደሪያ ዋጋ ይንራል። መስከረም ለአውሮፓ ጥሩ ወር ቢሆንም ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን የሚያከብሩበት፣ የራቀው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት ነው። የበዓሉ ምግብ አተካና ሲቀርብ ወንበሩ ባዶ የሆነ ልጅ ለምን እንደቀረ ለአያቱ ማስረዳት ይከብደዋል። በዓሉን አክብሮ በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንታት መጓዝ ሁለቱንም ያስማማል። ከዚያ በኋላ እስከ ጥር ድረስ የባሕሩ ውሃ አንዳንዴ ከፍ ብሎ አደባባዩን ያለብሰዋል። በ2020 ሥራ የጀመሩት ተነሺ የባሕር ግድቦች ትልልቁን ጎርፍ ይመልሳሉ እንጂ ዝቅ ያለው የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አልፎ አልፎ መርጠቡ አይቀርም። ሥነ ጥበብ ለሚወድ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ቢያናሌ አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ይዛ የቀረበችው በ2024 ሲሆን የቀረበውም የሠዓሊው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው የ2026 ነው።

ቪዛው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጣሊያን የሼንገን አባል ስለሆነች አጭር ጉብኝት በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ ደንብ አወጣ፦ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ደጋግሞ መግባት የሚያስችለው ቪዛም ቀረ። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚፈቀድ በጥቅምት የሚሄድ ሰው ሰነዱን በሰኔ ጨርሶ በሐምሌ ማስገባት አለበት። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚሰጥ ቪዛ የያዘ ተጓዥ ከቬኒስ ለንደን ያለ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ከወጣ ወደ ጣሊያን አይመለስም፤ ስሎቬንያ ወይም ክሮኤሺያ ግን በዚያው ቪዛ ይደረሳል።

ከሚጠየቁት ሰነዶች ውስጥ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን፣ የማደሪያ ማረጋገጫ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና የሥራ ወይም የትምህርት ማስረጃ ይገኙባቸዋል። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። የሁሉም ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ይመለሳል ወይ? ከሆሳዕና እስከ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋውን የስደት መንገድ ሁሉም ቤት ያውቀዋል፤ ደላላው ከደብዳቤ እስከ ባንክ መግለጫ ሁሉንም እንደሚያዘጋጅም ይታወቃል። ለጉብኝት የሚሄድ ወጣት ከዚህ ሰው ጋር ምንም ሥራ የለውም። በሐሰት ወረቀት የተያዘ ማመልከቻ ተመላሽ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአመልካቹ ስም በሼንገን አገሮች የጋራ መዝገብ ውስጥ ይገባል። የጡረታ ደብዳቤ ያለው አባት ወይም የንግድ ፈቃድ ያላት እናት ወጪውን የሚችሉ ከሆነም ዝምድናውንና ገንዘቡን እንዳለ ጽፎ በማስረጃ ማስደገፍ ይገባል። አሻራ ለመስጠትም ፓስፖርት ለመውሰድም አዲስ አበባ መመላለስ ስለሚኖር፣ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ደርሶ መልስ በወጪው ውስጥ ይቆጠር። የውጭ ምንዛሪ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ታይቶ ከባንክ ይገዛል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምና ወደ ሚላን ይበራል። ከሚላን በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሮም አራት ሰዓት ያህል ነው። የባቡር ትኬቱ ቀደም ብሎ ከተገዛ በብዙ ይረክሳል። ሁለት ጣቢያዎች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል፦ መስትሬ በየብስ ላይ ያለችው ናት፤ ሳንታ ሉቺያ ግን ቦዩ ዳር ያወርዳል። መስትሬ ማደር ርካሽ ነው፣ ባቡሩም አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ቀን ገብቶ ማታ የሚወጣ ሰው ቬኒስን የሚያያት በሰው ትከሻ መሐል ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት በደሴቶቹ ላይ ማደር ከአቅም በላይ ካልሆነ ይመረጣል። በተወሰኑ የፀደይና የበጋ ቀናት ለቀን ጎብኚ የሚከፈል የመግቢያ ክፍያ አለ፤ እዚያው የሚያድር ከክፍያው ነፃ ነው፣ ሆኖም በማደሪያው የሚሰበሰበውን የቱሪስት ግብር ይከፍላል።

ሻንጣ ትንሽ ይሁን፤ እያንዳንዱ ድልድይ ደረጃ አለው፣ ጎማውም እዚያ ላይ አይረዳም። የሕዝብ ጀልባ ለአንድ ጉዞ 9.50 ዩሮ፣ ለሙሉ ቀን 25 ዩሮ ያህል ይጠይቃል። ጎንዶላ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ስለሆነ መተው አያሳፍርም። በጥቂት ዩሮ ታላቁን ቦይ የሚያሻግር ተራ ጎንዶላ አለ። የቤት ቁጥሮች የሚቆጠሩት በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ስለሆነ አድራሻ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። «ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ብሎ መጠየቅ የለመደ የሆሳዕና ልጅ ግን ከካርታው ይልቅ በዚህ ዘዴ ቶሎ ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ጠዋት ለቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መስጠት ተገቢ ነው። የወንጌላዊውን ዐፅም የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ከእስክንድርያ ይዘውት እንደመጡ ይተረካል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም እስከ 1959 በእስክንድርያው የማርቆስ መንበር ሥር ነበረች። ከዚያ ወደ ማርቺያና ማለፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በ1591 ወደተጠናቀቀው የሪያልቶ ድልድይ በእግር መሄድ ይቻላል። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ መሬት ላይ ተቀምጦ መብላትና ርግብ መመገብ ያስቀጣል፤ የመጠጥ ውሃ ግን በየአደባባዩ ካሉት ቧንቧዎች በነፃ ይቀዳል።

የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት፣ የማደሪያ ደረሰኝና የባቡር ትኬት አይጣሉም። ተጓዡ በጊዜው መመለሱን የሚያሳዩ ሰነዶች ስለሆኑ ሁለተኛ ጊዜ ሲያመለክት ከማመልከቻው ጋር ያያይዛቸዋል።