ጥፋትን ማረም፣ ተበዳይን መካስ

አንድ ተማሪ ሌላውን ሲመታ፣ ደብተሩን ሲቀድ ወይም በቅጽል ስም ሲያሸማቅቀው ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን በሁለት መንገድ ሊያየው ይችላል። አንደኛው መንገድ «የትኛው ደንብ ተጣሰ? ያጠፋው ማነው? ቅጣቱስ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው «ማን ተጎዳ? ለተጎዳው ምን ያስፈልገዋል? ጉዳቱን የማቃናት ግዴታስ የማን ነው?» ይላል። በመጀመሪያው ተበዳዩ ከምስክርነት የዘለለ ቦታ የለውም፤ በሁለተኛው ግን የጉዳዩ ባለቤት እሱ ነው። አሜሪካዊው ሃዋርድ ዜር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልዩነት አጉልቶ ካሳየ ወዲህ ሁለተኛው መንገድ በብዙ አገሮች ከፍርድ ቤት አልፎ ወደ ትምህርት ቤት ገብቷል።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሥር የሰደደው የመጀመሪያው ነው። ልምጭ፣ የጎማ አለንጋ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ «ወላጅ አምጣ» ማለትና ከትምህርት ገበታ ማገድ ትውልድ የተቀባበላቸው ቅጣቶች ናቸው። ሕጉ ግን ድብደባን ከልክሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስበት ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኢትዮጵያን ከሕንድ፣ ከፔሩና ከቬትናም ጋር ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአራት የ8 ዓመት ኢትዮጵያውያን ልጆች ሦስቱ ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪን በዱላ ወይም በሌላ አካላዊ መንገድ ሲቀጣ አይተዋል። ሕጉ ከወጣ ዘመናት ቢቆጠሩም ልምጩ ገና ከክፍል አልወጣም ማለት ነው።

የድብደባ ትልቁ ጉድለት ሒሳቡን በሐሰት መዝጋቱ ነው። የተመታው አጥፊ «ዕዳዬን ከፈልሁ» ብሎ ይሄዳል፤ የተጎዳው ግን ደብተሩም አልተመለሰለት፣ ክብሩም አልተጠገነለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ጠቡ ከግቢው ወጥቶ በመንገድ ወይም በገበያ ቀን ይቀጥላል፤ የልጆች ነገር ወደ ወላጆች፣ ከወላጆችም ወደ ዘመድ አዝማድ ይዛመታል። እገዳም የራሱ ጣጣ አለው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከለት የሚማር ልጅ ለሁለት ሳምንት ቢታገድ ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ ይመለሳል፤ በዚያው የሚቀርም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ፣ የተከፈተ ትምህርት ቤት ልጅን በቀላል ጥፋት ደጅ ማስቀረቱ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

በዚሁ ክልል ለሚገኘው ለጎጃም ሰው ተበዳይን የሚክሰው ሁለተኛው መንገድ እንግዳ አይደለም። በሽምግልና ሥርዓት ሽማግሌዎች በዳይንና ተበዳይን መጀመሪያ ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ ቀጥሎ ፊት ለፊት ያገናኛሉ፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል። ነፍስ በጠፋበት ጉዳይ እንኳ የበዳይ ወገን ካሳ ከፍሎና ይቅርታ ለምኖ ደም እንዲደርቅ ይደረጋል። ለአዋቂ ይህን ያህል የሚደክም ማኅበረሰብ ለልጆቹ ከልምጭ ሌላ መላ ሊያጣ አይገባም።

የጎጃሟ ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩባት ስፍራ ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ቅኔው ቢሰበር ስብራቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይነገረዋል፤ ሄዶ አቃንቶ ይመለሳል። ለጠባይ ስብራትም የሚበጀው ይኸው ነው። ልምጭ በጉባኤ ቤቶችም ነበር፤ ሊወረስ የሚገባው ግን እርማቱ ነው።

አሠራሩ በአንድ ምሳሌ ይታይ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ፈተና ሊደርስ ሲል የጓደኛውን የሳይንስ ደብተር ቀደደ እንበል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራል፤ ለመገናኘት ፈቃደኛ መሆናቸውንም ይጠይቃል። ከዚያ እያንዳንዳቸው አንድ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የቀደደው «ምን ሆነ? በዚያን ሰዓት ምን አሰብህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ የተበደለው «ፈተናው ሰኞ ነው፤ የማነበው የለኝም» ይላል። በመሐሉ ሌላ ነገር ይወጣል፦ ደብተሩ የተቀደደበት ልጅ የቀደደውን በተጣፈ ሱሪው ሲያሾፍበት ሰንብቷል። ስለዚህ ስምምነቱ ሁለት ወገን ይኖረዋል። የቀደደው አዲስ ደብተር ያመጣል፤ ትምህርቱንም እስከ ሐሙስ በገዛ እጁ ገልብጦ ይሰጣል። ያሾፈው ደግሞ ሹፈቱን በሰሙት ልጆች ፊት ይቅርታ ይጠይቃል። የተስማሙበት በወረቀት ይሰፍራል፤ መምህሩ በሳምንቱ መፈጸሙን ያረጋግጣል። ደብተሩን የሚገዛው ወላጅ ሳይሆን ልጁ ሠርቶ ባገኘው ቢሆን ይመረጣል፤ ወላጅ የከፈለው ካሳ ልጅን አያስተምርምና። እዚህ ላይ አጥፊው በዋዛ አልታለፈም፤ የበደሉትን ልጅ ዓይን እያዩ ጥፋትን መናገር ከሦስት ልምጭ ይከብዳል።

ዕርቁ ጠብ ሲነሣ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ አይጸናም። በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል የክፍሉ ተማሪዎች ክብ ሠርተው በየተራ የሚነጋገሩበት ልማድ ያስፈልጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። በርቀት፣ በረሃብ ወይም በቤት ችግር የሚያረፍደው ልጅ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ትዕግሥት የጨረሰ ልጅም ሳይፈነዳ ይደረስበታል።

የውጭው ዓለም ልምድ ተስፋም ጥንቃቄም ያስተምራል። ኒውዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የወጣት አጥፊዎች ጉዳይ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ጉባኤ እንዲታይ አድርጋለች። በእንግሊዝ በ40 ትምህርት ቤቶች በዚህ መሰል አሠራር ላይ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በተማሪዎች መካከል የሚፈጸም ማሸማቀቅ መጠነኛ ቅናሽ ማሳየቱን ገልጿል። በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ በ44 ትምህርት ቤቶች በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ እገዳ ቀንሷል፣ በመምህራን ዕይታም የትምህርት ቤቶቹ ድባብ ተሻሽሏል፤ የመካከለኛ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ግን ዝቅ ብሏል። ሥርዓቱ በአንድ ጀምበር ተአምር አይሠራም፤ ሥልጠናና ጊዜ ይፈልጋል።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። ጾታዊ ጥቃት፣ ጠለፋ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና በስለት ማቁሰል በክብ ተቀምጠው የሚጨርሷቸው ጉዳዮች አይደሉም፤ ቦታቸው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። በሽምግልና የሚታየው ነባር ጉድለትም ወደ ትምህርት ቤት መሻገር የለበትም፦ ወንዶች ብቻ ተቀምጠው የሚፈርዱበት፣ ሴት ልጅ «ለቤተሰብ ሰላም» ስትባል ዝም የምትሰኝበት ዕርቅ ዕርቅ አይባልም። የግዳጅ ይቅርታም እንዲሁ ነው፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና። ተበዳዩ ካልፈለገ መገናኘት አይገደድም፤ ካሳው ግን በመምህሩ በኩል ሊደርሰው ይገባል።

ሥራው ከትልልቆቹ ይጀምራል። ርእሰ መምህራን የዲሲፕሊን ደንባቸውን ከተማሪዎችና ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር ሆነው እንደገና ይጻፉ፤ እገዳን የመጨረሻው አማራጭ ያድርጉት። መምህራን ራሳቸው ሲያጠፉ ተማሪን ይቅርታ ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ልጅ ዕርቅን የሚማረው ሲታረቁ በማየት ነው። ወላጆችም «ይምቱልኝ» የሚለውን አደራ ትተው «ያጠፋውን እንዲያቃና አድርጉልኝ» ይበሉ። የአገር ሽማግሌዎች ደግሞ ዕውቀታቸውን ለመምህራን ያካፍሉ፤ ከወንበሩም ለሴቶችና ለወጣቶች ቦታ ይልቀቁ። በትምህርት ቤት ጥፋቱን አምኖ መካስን የተማረ ልጅ ነገ በመንደሩ ደም ከመፍሰሱ በፊት የሚደርስ ሽማግሌ ይሆናልና፣ ልምጩ ዛሬውኑ ይቀመጥ።