ሁለት ስም፣ አንድ ቁጥር

ከተማ ውስጥ ፍንጭ እየፈቱ፣ ቦታና ዕቃ እያሰሱ የሚሮጡበት ውድድር ላይ ጥንድ ሆኖ መመዝገብ ቀላል ነው። ሁለት ስም ይጻፋል፣ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሁለት ሰው እንዴት አንድ ተወዳዳሪ ይሆናል?

በዚህ ዓይነቱ ውድድር በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው «አሜዚንግ ሬስ» እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጀመረ። ጠንሳሾቹ በርትራም ቫን ሙንስተርና ኤሊስ ዶጋኒዬሪ ራሳቸው ባልና ሚስት ናቸው። በደንቡ መሠረት ሁለቱም የመድረሻውን ምንጣፍ ካልረገጡ «ደረሱ» አይባልም። እንግዲህ የጥንዱ ፍጥነት የዘገምተኛው ፍጥነት ነው ማለት ነው። ፍንጭ ሲፈታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንዱ ካወቀ ሁለቱም አወቁ። እግር በደካማው፣ አእምሮ በብርቱው ይለካል። አንዳንዱን ተግባር ደግሞ አንዱ ብቻ ይሠራዋል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ላሊበላ ድረስ የዘለቀው ስድስተኛው ዙር፣ በ2004 መጨረሻ መታየት የጀመረው፣ በርሊን ላይ አንድ ትዕይንት ጥሎ አልፏል። ባል ፈጥኖ ለመሮጥ የጀርባ ሻንጣውን ጣለ። ሚስት አነሳችው። በዚህ መሀል ሌሎች ቀደሟቸውና ባል በንዴት ገፈተራት። ሻንጣው የተጣለው ለጥንዱ ሲባል ነው፤ የተነሳውም ለጥንዱ ሲባል ነው። ሰውየው «እኛ» ሲል «እኔ» ማለቱ እንደነበር የታወቀው ሲገፈትራት ነው።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለው ተረት ይህን አይመልስም፤ ከተቀዱ በኋላ ማን ይሸከም? የፕላቶ «ሲምፖዚየም» ውስጥ አሪስቶፋነስ የሚያወራው ታሪክ ይሻላል። የጥንት ሰዎች አራት እግርና አራት እጅ ነበራቸው፤ ሲቸኩሉ እንደ መንኮራኩር እየተሽከረከሩ ይከንፉ ነበር። ዜውስ ለሁለት ከሰነጠቃቸው ወዲህ ግማሹ ግማሹን ይፈልጋል። ቆንጆ ተረት ነው፤ ግን እዚያ የሚፈለገው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። በእውነተኛ ከተማ ሁለቱ ግማሾች ተገናኝተውም መንገድ ይጠፋቸዋል።

ለምሳሌ ቴምቢሳ። ከጆሃንስበርግ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኤኩሩሌኒ ከተማ አስተዳደር ያለችውን ይህችን ከተማ የአፓርታይድ መንግሥት በ1957 የቆረቆራት ከአሌክሳንድራ፣ ከኬምፕተን ፓርክና ከመሳሰሉት ቦታዎች የተነሱ ጥቁሮችን ለማስፈር ነው። ስሟ በዙሉ «ቃል መግባት» ማለት ነው። ሰውን ከቤቱ አንስተው ያሰፈሩበትን ቦታ እንዲህ ብሎ መሰየም ድፍረት ይጠይቃል! ኤካሌኒ፣ ሞሪቲንግ፣ ኡምታምቤካ እየተባለች በሰፈር ተከፋፍላለች። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለእንግዳ አይታወቅም። መጠየቅ ግድ ነው።

የሚጠየቀው ሰው ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ የመጣ ሊሆን ይችላል። እዚያ ያሉ ሐበሾች «ሎኬሽን» በሚሉት መንደር፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ በእጅ መዳፍ ልክ በተተወች ቀዳዳ ዳቦና ነጠላ ሲጋራ የሚያቀብል፣ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ባለቤት። ደንበኛው «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ እሱም «ማይ ፍሬንድ» ይላል። ስም አይጠያየቁም።

ጨዋታው የሚያሰጋውም እዚህ ላይ ነው። በ1936 በወጣው «ማይ ማን ጎድፍሪ» ፊልም የኒውዮርክ ሀብታሞች እንዲህ ያለ የማሰስ ውድድር ይዘዋል፤ ከዝርዝሩ ላይ «የተረሳ ሰው» የሚል አለና ከቆሻሻ መጣያ አንድ ሥራ አጥ አግኝተው ሆቴል ድረስ እንደ ዕቃ ያቀርቡታል። ቴምቢሳ ላይ ዝርዝር የሚያወጣ ሰውም «ከባለሱቅ ጋር ፎቶ ተነሱ» ብሎ ለመጻፍ ብዙ አይቸገርም።

ተወዳዳሪዎቹ ባልና ሚስት ፎቶውን ትተው መንገድ ቢጠይቁትስ? ባለሱቁ ሳንቲም መቁጠሩን ያቋርጥና በቀዳዳዋ ጣቱን አውጥቶ ያመለክታል። ሚስት «ግራ ነው ያለው» ትላለች። ባል «ቀጥታ» ይላል። ከኋላቸው ግማሽ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ልጅ ሳንቲሙን ጨብጦ ወረፋውን ይጠብቃል።