ስለ ፍርሃትና ስለ ወዳጆቹ

ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል፤ ይህም ለሕይወቱ ጠባቂ ሆኖ ከተፈጥሮ የተሰጠው ጠባይ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፥ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ፥ ፍርሃት እስኪመጣለት ድረስ በናፍቆት ሲጠባበቅ ይታያል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሪስጣጣሊስ ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፥ በዓይን ሲታዩ የሚያስጨንቁ ነገሮች፥ ይኸውም የተናቁ አራዊትና የሙታን ሬሳ፥ በትክክል ተሥለው ሲታዩ ግን ደስ እንደሚያሰኙ አስተውሏል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ መማር ለሰው ሁሉ ደስታ ስለ ሆነ ነው ብሏል።

ሰው ፍርሃትን ስለምን እንደሚወድ ብዙ ሊቃውንት ጠይቀዋል። ከዚህ ባላነሰ ሊመረመር የሚገባው ግን ፍርሃትን የሚወዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መሆናቸው ነው። የአስፈሪ ሲኒማ ወዳጆች በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ያደነቀውን ሁለተኛው ይንቀዋል፤ ክርክሩም ስለ ጥበብ ይጀመርና በሰው ልብ ላይ በመፍረድ ይፈጸማል።

ለዚህ ክርክር የታወቀ ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓመት ዣክ ቱርኔር የተባለው አዘጋጅ «የጋኔኑ ሌሊት» የተሰኘውን ፊልም በእንግሊዝ አገር ሠራ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ታሪኩ የተወሰደው ኤም. አር. ጄምስ በ1911 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። በጥንቆላ የማያምን አንድ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ወደ እንግሊዝ ይመጣል፤ አንድ አስማተኛም ክታብ ጽፎ በስውር ያስይዘዋል፤ ክታቡን የያዘ ሰው በተቈረጠለት ቀን ይሞታል። ቱርኔር ጋኔኑ በግልጽ እንዳይታይ፥ መኖሩም በጥርጣሬ እንዲቆይ ይፈልግ ነበር። አሠሪው ሀል ቼስተር ግን አውሬው ገና ከመጀመሪያው በተመልካች ፊት እንዲቆም አደረገ። አዘጋጁ በዚህ ነገር እንዳዘነ ኖረ፤ የፊልሙ ወዳጆችም እስከ ዛሬ በሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ።

የአዘጋጁ ወገን የሆኑት፥ ያልታየ ነገር ከታየው ይልቅ ያስፈራል፤ ጥበብም ማለት የተመልካቹን ሐሳብ ማሠራት ነው ይላሉ። ከእነርሱ አስቀድማ እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ራድክሊፍ፥ ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ጽሑፍዋ፥ በውል ካልተለየ ነገር የሚመጣውን ሽብር ፊት ለፊት ከሚታየው ዘግናኝ ነገር ለይታ፥ ፊተኛው ነፍስን ያሰፋል፥ ኃይሏንም ያነቃል፤ ኋለኛው ግን ያኰማትራታል፥ ያደነዝዛታል የሚል አሳብ ገልጣ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ እንዲህ ሲሉ ይመልሳሉ፦ ክፋት ጥላ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ሥጋ የሚያቈስል ነገር ነው፤ ቍስሉን በመጋረጃ የሚሸፍን ሥዕል ተመልካቹን በምቾት ያስፈራዋል እንጂ ክፋት የሚያስከፍለውን ዋጋ አያሳየውም።

ሁለቱ ወገኖች በዚህ ቢያቆሙ መልካም ነበር፤ እያንዳንዱ ከእውነት ድርሻውን ይዟልና። ነገር ግን አያቆሙም። ስውሩን የሚወድ ግልጹን የሚወደውን ደም የጠማው ጨካኝ ይለዋል፤ ግልጹን የሚወድም ስውሩን የሚወደውን ፈሪና ግብዝ ይለዋል። በዚህ ጊዜ የጣዕም ልዩነት የጠባይ ክስ ይሆናል፤ ክሱም ሐሰት ሊሆን እንደሚችል አንድ የቈየ ፊልም ያስረዳል።

በ1931 ጄምስ ዌል ባዘጋጀው «ፍራንከንስታይን» ከሙታን አካል ተገጣጥሞ የተሠራው ፍጡር በሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ልጅ ያገኛል። ልጅቱ አትፈራውም፤ አበባ ታካፍለዋለች፤ ሁለቱም አበባውን ወደ ውሃው እየጣሉ ሲንሳፈፍ ይደሰታሉ። አበባው ባለቀ ጊዜ ፍጡሩ ልጅቱም እንዲሁ የምትንሳፈፍ መስሎት ይጥላታል፤ እርስዋም ትሰጥማለች፤ እርሱም ተጨንቆ ይሸሻል። በብዙ ስፍራ የፊልም መርማሪዎች ይህ ክፍል ለተመልካች ይከብዳል ሲሉ የመጣሉን ሥዕል ቈርጠው አወጡት። ስለዚህ ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋ ይታይና ነገሩ ይቋረጣል፤ ኋላም አባትዋ ሬሳዋን ታቅፎ ይመጣል። በመካከል የሆነውን ያላየ ተመልካች በልቡ ከሆነው የከፋውን ሊያስብ ቻለ፤ ባለማወቅ የበደለውንም እንደ ክፉ ነፍሰ ገዳይ ሊቈጥረው ተገደደ። የተቈረጠው ክፍል ወደ ስፍራው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። እንግዲህ መሸፈን ሁልጊዜ ንጽሕና አይደለም፤ ስም ማጥፋትም ሊሆን ይችላል። መግለጥም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ቍስልን ያለ ልክ ደጋግሞ ማሳየት የተጐዳው ሰው ሰው መሆኑ ተረስቶ ሥጋ ብቻ ሆኖ እንዲታይ ያደርገዋልና።

አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈው ነገር በዚህ ላይ ይረዳል። አሊጲዮስ ሕግ ለመማር ሮም በነበረበት ጊዜ ባልንጀሮቹ ሰዎች በሰይፍ ወደሚጋደሉበት ቦታ በግድ ወሰዱት። እርሱም ሥጋዬን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ነገር ግን የሕዝቡን ጩኸት በሰማ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያም በኋላ በደሙ ሰከረ፥ ከጮኹትም ጋር ጮኸ። በዚያ ስፍራ በእውነት ሰው ይሞት ነበር፤ በሲኒማ ግን ተዋናዩ ከወደቀበት ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ነገር ግን አሊጲዮስን የጣለው ማየቱ ብቻ አልነበረም፤ ልቡ ከሚሞተው ሰው ተለይቶ ከሚጮኸው ሕዝብ ጋር መቆሙ ነበር።

የጣዕም መለኪያም ይኸው ነው። ጥያቄው ምን ያህል ታየ የሚል አይደለም፤ ተመልካቹ ከማን ጋር ቆመ የሚል ነው። ደም በሚፈስበት ፊልም ፊት ተቀምጦ ለተጐዳው የሚራራ አለ፤ ደም በማይታይበት ፊልም ፊት ተቀምጦ በተሳዳጁ ጭንቀት የሚደሰት አለ። ፊተኛው ከኋለኛው ይሻላል፤ በውጭ ሲታይ ግን ኋለኛው ጨዋ ይመስላል።

ስለዚህ አባት ልጁን፥ መምህርም ደቀ መዝሙሩን ሲመክር የተመለከተውን ነገር ስም ሰምቶ ብቻ ለመፍረድ አይቸኵል፤ ለማን አዘንህ ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ለተጐዳው ሰው ካዘነ፥ የፈራው ፍርሃት አንድ ነገር አስተምሮታል፤ ያዘነለት ሰው ከሌለ ግን የሚያሳስበው ፊልሙ ብቻ አይደለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፥ ጨለማው አዳራሽም አስቀድሞ በልብ የነበረውን ያወጣል።