ሦስት ራስ በአንድ ዘይት አይታከምም

ስሚኝ ልጄ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዘሽ መጥተሽ «ለሦስታችንም ይሆናል ወይ?» አልሽኝ። አይሆንም። የአንቺ ጸጉር በወሊድ ነው የሚረግፈው፤ የልጅሽ በቆረቆር፤ የባልሽ በዘሩ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ብቻ አይደለም። ራስ ላይ አንዳች ነገር ከመቀባት በፊት የረገፈበትን ምክንያት ማወቅ ነው።

ጭንቀትሽን አላቃልልም፤ ጸጉር ክብር ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ ቆርጠው የወሰዱትን የአፄ ቴዎድሮስን ቁንዳላ ከ150 ዓመት በላይ ይዘው ቆይተው በ2011 ዓ.ም. ሲመልሱ፣ አገር በክብር ነው የተቀበለው።

ከልጁ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው የእሱ ነው። ትናንት ቆቡን አውልቄ አየሁት። ከጆሮው ከፍ ብሎ ሁለት ቦታ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፤ ጸጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀርቷል። ማጅራቱ ላይም ዕጢ አብጧል። ይሄ ቡዳም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፤ ፈንገስ ነው። በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሳለሁ እንዲህ ያሉ ልጆች ከየቄስ ትምህርት ቤቱ ይመጡልኝ ነበር። ልጆች ሲሰበሰቡ በአንድ ምላጭ ተራ በተራ ይላጫሉ፣ ቆብ ይዋዋሳሉ፣ በአንድ ትራስ ይተኛሉ፤ ፈንገሱም አብሮ ይዞራል። ምላጩማ የሚያዞረው ሌላም አለ፤ የጉበቱና የኤችአይቪው ቫይረስ በደም እንደሚተላለፍ ሳትሰሚ አትቀሪም።

የሚቀቡለትን ብሳና ተዪው። ነጭ ሽንኩርቱንም ተዪው፤ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል። የምትገዢው ቅባትም ብቻውን አያድነውም፤ ፈንገሱ ጸጉሩ ሥር ውስጥ ስለገባ የሚደርስበት የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ግሪሲዮፉልቪን የሚባለውን ያዝዛል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል። ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ነው። ልጁ ገና ጾም አልያዘምና በወተት ስጪው። በሁለተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ሲራገፍ «ዳነ» ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። አብጦ መግል ቢይዝም በምላጭ እንዳትበጪው። እህቱንም አሳዪያት፤ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው እንደገና መጀመር ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ማበጠሪያው ሙሉ ጸጉር ስታዪ አለቀስሽ አሉ። ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል። በእርግዝናሽ ጊዜ መርገፍ የነበረበት ሳይረግፍ ቆይቶ ነው፣ ከወለድሽ በሦስተኛው ወር ባንድ ጊዜ የወረደው። አንቺ ግን ሳሙናውን ከሰስሽ፣ ጎረቤትሽን ጠረጠርሽ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ»! ጸጉር ከደረሰበት ነገር ሁለትና ሦስት ወር ዘግይቶ ነው የሚረግፈው፤ ከባድ ትኩሳት ወይም ቀዶ ጥገና ያለፈበት ሰውም እንዲሁ ነው። የሕፃኗ ልደት እስኪደርስ አብዛኛው ይመለሳል። ጸጉር በወር የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ግድም ነውና መጠበቅ ግድ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስመርምሪ። ደም ማነስ ካለ ጸጉርን ያሳሳል፤ አራስ ሆነሽ ብዙ ደም ፈሶሻል። አንገትሽንም አሳዪ፤ በእኛ ደጋ እንቅርት እንግዳ አይደለም፣ የዚያ ዕጢ መዛባትም ጸጉር ያረግፋል። ሹሩባውንም ላላ አድርጊው። የሳሳውን ለመደበቅ ከግንባርሽ አጥብቀሽ መሠራትሽ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ነው። ተሠርተሽ ባደርሽበት ሌሊት ራስሽን ካመመሽ፣ ጠርዙ ላይ ብጉር ካወጣ፣ ሥሩ እየተነቀለ ነው። ቶሎ ከተፈታ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ቦታው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ዘይት ማፍሰስ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ነው። ቅቤውን ከወደድሽው ተቀቢው፤ ያለሰልሳል እንጂ አያበቅልም።

የባልሽ ቀላል ነው፤ እሱ ግን አይመስለውም። ግንባሩ መሸሽ የጀመረው ከእናትና ከአባቱ በወረሰው ነው፤ የወንድ ሆርሞን ጸጉሩን ከሥር እያቀጠነ ይወስደዋል። ሚኖክሲዲል የሚባል አለ፤ ጥንት ለደም ግፊት የተሠራ ነበር። በየቀኑ ይቀባል፤ ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ነው፤ መጀመሪያ እንዲያውም ሊያረግፍ ይችላል፤ ሲተዉት የበቀለው ይሄዳል። ፊናስተራይድ የሚባለው ክኒን ደግሞ በሐኪም እጅ ብቻ ነው፤ በአንዳንዱ ሰው የወንድነት ስሜት ይቀንሳል፣ ነፍሰ ጡር ሴትም የተሰበረውን በእጇ መንካት የለባትም። አንቺ የምታጠቢ ነሽና ከሁለቱም አትቅመሺ፣ አትቀቢ። ኢስታንቡል ድረስ ሄደው ከማጅራታቸው አስነቅለው ግንባራቸው ላይ የሚያስተክሉም አሉ። ለዚያ በሬ ይሸጣል ቢልሽ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» በይው። ተላጭቶ ባርኔጣ ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል? እኔን ከተላጨሁ ወዲህ የታዘበኝ የለም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሳያሳክክና ሳይቆስል እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚለሰልስ አለ፤ ላሽ የምንለው። የሰውነት መከላከያ የራሱን ጸጉር ሲያጠቃ ነው። አንዳንዱ በራሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ የቆዳ ሐኪም መርፌ ይወጋዋል።

ልጁን ይዘሽ ነገ ቢቸና ሂጂ። እዚያ ካልሆነ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይልኩሻል። ቆቡንና የትራሱን ልብስ በፈላ ውኃ እጠቢ፤ ማበጠሪያውን ለየብቻ አድርጊ፤ ያንን ምላጭ ደግሞ ዛሬውኑ ሽንት ቤት ጣይው።